በመተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎች የሥራ መብት፦ በባሕር ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ምግብና ዕቃ በሞተር ብስክሌት ለሚያደርሱ፣ ባጃጅ ወይም መኪና በስልክ ጥሪ ለሚያሽከረክሩ፣ እንዲሁም ከቤታቸው ሆነው ለውጭ አገር ደንበኞች የትርጉም፣ የጽሕፈት፣ የንድፍና የሶፍትዌር ሥራ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። መልሶቹ በዋናነት የተመሠረቱት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እና በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ ነው። አዋጁ ስለ መተግበሪያ በስም የሚናገረው ነገር የለም። ሆኖም ብዙዎች እንደሚያስቡት ለዚህ ሥራ ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይደለም።

የጊግ ሥራ የሚባለው የትኛው ነው?

አንድ ሰው በወር ደመወዝ ሳይቀጠር በየጉዞው፣ በየትእዛዙ ወይም በየተግባሩ እየተከፈለው የሚሠራውና በአብዛኛው በስልክ መተግበሪያ ወይም በኢንተርኔት መድረክ በኩል የሚያገኘው ሥራ ነው። አንዱ ዓይነት እዚሁ መንገድ ላይ የሚሠራ ነው፤ ከዓባይ ማዶ ወደ ከተማው መካከል ተሳፋሪ ማድረስ ወይም ከምግብ ቤት ወደ ፔዳ ግቢ ምሳ መውሰድ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሌላው ደንበኛው በሌላ አገር ሆኖ፣ ሥራው ግን ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ተጀምሮ የሚያልቅ ነው። የሁለቱ የሕግ ጥያቄ ስለሚለያይ ከታች አንዳንድ መልሶች ለአንደኛው ብቻ ይሠራሉ።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ጠባዩ ለጣና ዳር ሰው እንግዳ አይደለም። ጀልባው የራሱ ያልሆነ ነጂ ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ ወይም ወደ ክብራን ገብርኤል እያመላለሰ በየጉዞው ሲታሰብለት፣ ጎብኚውን ያገናኘውም ሰው ድርሻውን ሲያነሣ የኖረ አሠራር ነው። ዛሬ የተለወጠው የአገናኙ ማንነት ነው፤ ዋጋ የሚተምነው፣ ሥራ የሚያከፋፍለው፣ ነጥብ የሚሰጠውና የሚያግደው ፊቱ የማይታይ ፕሮግራም ሆኗል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለእኔ ይሠራል?

ይህ ከሁሉም የሚቀድም ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። አዋጁ በአንቀጽ 4 የሥራ ውል ተመሠረተ የሚለው አንድ ሰው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መንገድ፣ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ወይም ለአንድ ለተወሰነ ሥራ፣ በአሠሪው መሪነት ደመወዝ እየተከፈለው ለመሥራት ሲስማማ ነው። ስለዚህ በቁራጭ ወይም በየጉዞው መከፈል ብቻውን ሰውን ከሠራተኝነት አያስወጣውም። በሌላ በኩል በአንቀጽ 3 መሠረት በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት፣ ዋጋ እየተከፈለው አንድን ሥራ የሚያከናውን ሰው ከአዋጁ ውጭ ነው። የእንዲህ ያለው ሰው ውል የሚገዛው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲሆን፣ ቁጥር 2610 ሥራ ተቋራጩ በራሱ ኃላፊነት አንድን የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ ደንበኛው ደግሞ ዋጋውን ለመክፈል የሚገቡት ግዴታ መሆኑን ይገልጻል።

እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው «መሪነት» በሚለው ቃል ላይ ነው። አንድን አድራሽ እናስብ። የማድረሻውን ዋጋ የሚወስነው ድርጅቱ ነው፤ አድራሹ ከደንበኛው ጋር ስለ ዋጋ መነጋገር አይችልም። የደንብ ልብስ ለብሶ፣ የድርጅቱን ሣጥን ተሸክሞ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ትእዛዝ ካልተቀበለ ነጥቡ ይወርዳል፤ ነጥቡ ሲወርድ ጥሪ ይቀንስበታል። ቢታመም ወንድሙን በራሱ ስልክ መላክ አይፈቀድለትም። በየት መንገድ መሄድ እንዳለበትና በስንት ደቂቃ መድረስ እንዳለበት ካርታው ይነግረዋል። አዎን፣ ሞተሩ የራሱ ነው፤ ቤንዚኑንም የሚቀዳው ከኪሱ ነው፤ ድርጅቶች አጥብቀው የሚያነሡትም ይህንኑ ነው። ነገር ግን መጥረቢያው የራሱ ስለሆነ ብቻ አናጺ ሁሉ ነጋዴ አይባልም። ዋጋን፣ የሥራ ክፍፍልን፣ ቅጣትንና ስንብትን አንድ ወገን ብቻውን ይዞ ሲገኝ መሪነት አለ ብሎ መከራከር በእኔ እምነት የሚያስኬድ ነው።

በተቃራኒው አንዲት የሶፍትዌር ባለሙያ ለሦስት የተለያዩ ደንበኞች በአንድ ጊዜ እየሠራች፣ ዋጋዋን ራሷ እየጠራች፣ ሰዓቷን ራሷ እየመረጠች፣ ሥራ ሲበዛባት ጓደኛዋን ከፍላ የምታግዝ ከሆነ በራሷ የሙያ ኃላፊነት የምትሠራ ናት፤ አዋጁ አይመለከታትም። ብዙ ሰው የሚገኘው ከነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ስለሆነ፣ በየጉዳዩ ፍሬ ነገሩን መመዘን የፍርድ ቤት ሥራ ይሆናል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 198 በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ የሥራ ግንኙነት መኖር አለመኖሩ መታየት ያለበት ተዋዋዮቹ ከሰጡት ስያሜ ይልቅ በተጨባጭ ከሚሠራው ሥራና ከሚፈጸመው ክፍያ አንጻር ነው ይላል።

ስመዘገብ የተቀበልኩት ውል «አጋር እንጂ ሠራተኛ አይደሉም» ይላል፤ ጉዳዩ በዚህ ያበቃል?

አያበቃም። ስያሜው አንድ ማስረጃ ነው፤ የመጨረሻው ቃል ግን አይደለም። ሕጉ ሠራተኛ የሚለውን ሰው ውሉ በሌላ ስም ስለጠራው ብቻ ከጥበቃው ማውጣት ቢቻል ኖሮ፣ አዋጁ ለማንም ባልጠቀመ ነበር። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኡበር አሽከርካሪዎችን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በሰጠው ውሳኔ፣ የተጻፈው ውል ሌላ ቢልም አሽከርካሪዎቹ የዚያ አገር ሕግ «ሠራተኛ» ለሚለው ክፍል የሰጠው ጥበቃ እንደሚገባቸው ወስኗል፤ ለውሳኔውም ዋጋ የሚተምነውና የውሉን ይዘት የሚያወጣው ድርጅቱ መሆኑን ጠቅሷል። ይህ ውሳኔ የእኛን አገር አይገዛም፤ የክርክሩ አካሄድ ግን ለማንም ጠበቃ የሚጠቅም ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ከመጫንዎ በፊት የውሉን ጽሑፍ በስልክዎ ላይ ያስቀሩ፤ ድርጅቱ በኋላ ሲቀይረው የቀድሞውን ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል።

ምንም የጽሑፍ ውል የለኝም፤ በቃል ብቻ ነው የጀመርኩት። መብት አለኝ?

አለዎት። በአንቀጽ 5 መሠረት የሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ በቃልም ይጸናል። እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመበት ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህን ሳያደርግ ቢቀር ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ ሠራተኛው በአዋጁ የተሰጡትን መብቶች አያጣም።

ስለዚህ ችግሩ የማስረጃ ነው። የቴሌብር የገቢ መልእክቶች፣ ከአስተባባሪው ጋር በቴሌግራም የተለዋወጡት ጽሑፍ፣ የጉዞ ታሪክ፣ የቅጣት ማሳወቂያ፣ የደንብ ልብስ የተረከቡበት ፊርማ፣ አብረው ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ቃል፣ እነዚህ ሁሉ ያገለግላሉ። ብዙ መተግበሪያዎች ቀኑንና ሰዓቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚመዘግቡ፣ ፎቶ ያነሡትን ሁሉ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ከጎኑ ቢጽፉበት ችሎት ላይ ከሚፈጠር ግራ መጋባት ይድናሉ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የክርክሩ ጭብጥ የሥራ ሰዓት ሲሆን ግን የስድስት ሰዓት ልዩነት ቀላል አይሆንም።

በሠራተኝነት ከታወቅሁ ምን ምን ይገባኛል?

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ የሠሩት የትርፍ ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራው የሰዓቱ ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ለተሠራው በ2፣ በሕዝብ በዓል ለተሠራው በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ለምሳሌ የሰዓት ክፍያው 40 ብር የሆነ ሰው በጥምቀት ቀን 3 ሰዓት የትርፍ ሰዓት ሥራ ቢሠራ 300 ብር ይገባዋል ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለ፤ ለወላድ ሴት 120 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። የጡረታ መዋጮ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ነው።

ለመተግበሪያ ሥራ ግን አንድ የከበደ ጥያቄ ይቀራል፤ እርሱም ጥሪ እየጠበቁ ያሳለፉት ጊዜ የሥራ ሰዓት ነው ወይ የሚለው ነው። ከምግብ ቤቱ በር ላይ ሞተሩን አቁሞ ስልኩን እያየ አንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው፣ ሌላ ሥራ እንዳይሠራ በነጥብ ቅጣት የተያዘ ከሆነ፣ ያ ሰዓት የራሱ ነው ለማለት ይከብዳል። እቤቱ ተኝቶ መተግበሪያውን ከፍቶ የተወ ሰው ግን ያንኑ ሊጠይቅ አይችልም። ይህ ነጥብ ሳይብራራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፤ በመመሪያ ሊብራራ ይገባል የምለውም ለዚህ ነው።

ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን በተመለከተ አዋጁ በአንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ በደንብ እንዲቋቋም ይደነግጋል እንጂ ራሱ የብር መጠን አላስቀመጠም።

ደንበኛው ትእዛዙን ሰረዘና የምግቡ ዋጋ ከእኔ ተቀነሰ። ይህ ይፈቀዳል?

ሠራተኛ ከሆኑ ከደመወዝዎ ሊቀነስ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በራስዎ የጽሑፍ ስምምነት ሲሆን ብቻ ነው፤ በማናቸውም ሁኔታ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከወር ደመወዝዎ ከአንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። ደንበኛው ስልኩን ባለማንሣቱ የደረሰን ኪሳራ ያለ ምንም ምርመራ በአድራሹ ላይ መጫን ከዚህ ድንጋጌ ጋር አይሄድም። ድርጅቱ ከገቢዎ የሚያነሣው ኮሚሽን አንድ ቀን ጠዋት ሲነሡ ከፍ ብሎ ቢገኝም እንዲሁ ነው፤ የሥራ ሁኔታ የሚሻሻለው በሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ነው እንጂ በመተግበሪያው ላይ በሚወጣ አጭር ማሳወቂያ አይደለም።

ተቋራጭ ተብለው የሚቆጠሩ ከሆነ ደግሞ ወደ ውልዎ መመለስ አለብዎት። በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ስለሚቆጠር፣ አንዱ ወገን ብቻውን ሊለውጠው እንደሚችል በውሉ ካልተጻፈ በቀር ጭማሪውን መቃወም ይችላሉ። እውነቱን ለመናገር ይህ ሐረግ ያልተጻፈበትን የመተግበሪያ ውል ማግኘት ቀላል አይደለም፤ በሠራተኝነት ጥያቄ ላይ ይህን ያህል የምንከራከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አካውንቴ ያለ ማስጠንቀቂያ ተዘጋ። ምን ማድረግ እችላለሁ?

አካውንት መዝጋት ለሠራተኛ ከሥራ ማሰናበት ነው፤ በሌላ ስም ቢጠራም ውጤቱ ያው ነው። አዋጁ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚበቁ ምክንያቶችን በአንቀጽ 27 ዘርዝሯል፤ አሠሪውም ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ምክንያቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀናት ካሳለፈም በዚያ ምክንያት ማሰናበት አይችልም። «የማኅበረሰቡን መመሪያ ስለጣሱ ታግደዋል» የሚል አንድ መስመር መልእክት፣ የትኛው መመሪያ፣ መቼ፣ በየትኛው ትእዛዝ ላይ እንደተጣሰ ካልነገረዎት፣ ምክንያት ተገለጸ ሊባል አይገባም።

ስንብቱ ሕገ ወጥ ሆኖ ከተገኘ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ እንዲመለሱ ወይም ካሳ እንዲከፈልዎት ያዝዛል። ላልተወሰነ ጊዜ ለተደረገ ውል ካሳው የአማካይ የቀን ደመወዝዎ 180 እጥፍ ሲሆን፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ይጨመርበታል። አማካይ የሚባለው ከገቢ መዝገብዎ የሚወጣ በመሆኑ፣ አካውንቱ ሲዘጋ መዝገቡም አብሮ እንደሚዘጋ ሰዎች የሚገነዘቡት ከረፈደ በኋላ ነው። ስለዚህ የገቢ ታሪክዎን በየሳምንቱ መጨረሻ ከስልክዎ ውጭ በሌላ ቦታ ያስቀምጡ።

ሠራተኛም ሆኑ ተቋራጭ፣ ድርጅቱ ስለ እርስዎ የያዘውን መረጃ እንዲያሳይዎትና የተሳሳተውን እንዲያርም መጠየቅ ይችላሉ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለመረጃው ባለቤት ይህን መብት ሰጥቷል። ነጥብዎ ለምን እንደወረደ ለማወቅ የሚያስችል መንገድ በመሆኑ ጥያቄውን በጽሑፍ ቢያቀርቡ ይመከራል።

በሥራ ላይ ብጋጭ ወይም ብወድቅ ማን ያሳክመኛል?

ለሠራተኛ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ አደጋ ኃላፊ ነው፤ የሕክምና ወጪ፣ ለጊዜያዊ ጉዳት ክፍያ፣ ለዘለቄታ የአካል ጉዳት ደግሞ ካሳ ይኖራል። ሙሉ የዘለቄታ የአካል ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ፣ ወይም ቢሞት ለጥገኞቹ፣ የሚታሰበው ካሳ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው።

ብዙ አሽከርካሪዎች የሦስተኛ ወገን መድን ስላላቸው የተሸፈኑ ይመስላቸዋል። ስሙ እንደሚናገረው ያ መድን የሚክሰው በተሽከርካሪው ምክንያት የተጎዳውን ሌላ ሰው ነው እንጂ ራሱን አሽከርካሪውን አይደለም። በተቋራጭነት የሚሠራ ሰው ለራሱ የግል የአደጋ መድን ካልገዛ፣ እግሩ ቢሰበር ከቤተ ዘመድና ከዕድሩ በቀር የሚደርስለት የለም። አደጋው እንደደረሰ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት እንዲጻፍ ያድርጉ፤ በፈለገ ሕይወትም ይሁን በጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የታከሙበትን ካርድና ማስረጃ ይያዙ፤ በዚያች ሰዓት በመተግበሪያው ላይ ትእዛዝ ይዘው እንደነበረ የሚያሳየውን ምስልም ወዲያው ያስቀሩ።

ለውጭ አገር ደንበኛ በኢንተርኔት እሠራለሁ፤ መስመሩ ተቋርጦ ሥራው ዘገየና ገንዘቤ ተከለከለ። ምን ላድርግ?

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ይህ ጥያቄ የብዙዎች ሆኗል። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከተዋዋዩ ቁጥጥር ውጭ የሆነ፣ ሊገመት የማይችልና ግዴታን ፈጽሞ ለመወጣት የማያስችል ሁኔታ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ተብሎ ከካሳ ነጻ ያደርጋል። ነገር ግን የውጭ መድረኮች ውል በአብዛኛው የሚገዛው በሌላ አገር ሕግ ሲሆን፣ ክርክሩም በዚያው አገር ወይም በግልግል እንዲታይ ያስገድዳል። ለ200 ዶላር ሲባል ባሕር ማዶ ሄዶ የሚከስ ሰው አይኖርም። በተግባር የሚረዳው የመድረኩ የራሱ የቅሬታ ሥርዓት ነው፤ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ደንበኛው ክፍያውን በመድረኩ ዘንድ እንዲያስይዝ፣ ሥራውም በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ሲያልቅ እንዲከፈል ያድርጉ። መስመር የሚቋረጥበት ሥጋት እንዳለ መጀመሪያ ላይ በጽሑፍ መንገር ደንበኛን ያሸሻል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ከተቋረጠ በኋላ ከመንገር ግን ይሻላል።

ከዚሁ ጋር አብሮ የሚነሣው የሰው አካውንት ተከራይቶ የመሥራት ልማድ ነው። የአካውንቱ ባለቤት ገንዘቡን ቢያስቀር ሥራውን የሠሩት እርስዎ መሆንዎን የሚያሳይ ነገር በመድረኩ ላይ የለም፤ አካውንት ማከራየትም የመድረኮቹን ውል የሚጥስ ስለሆነ ቅሬታ ሲያቀርቡ አካውንቱ ራሱ ይዘጋል። ሌላ መንገድ አጥተው ከገቡበት ቢያንስ ከባለቤቱ ጋር የድርሻ ስምምነት በጽሑፍ አድርገው ሁለት ምስክር ያስፈርሙ፤ ይህ ከባለቤቱ ጋር እዚሁ ባሕር ዳር ለመከራከር ያስችልዎታል።

የሌላ ሰው ባጃጅ ይዤ በቀን የተቆረጠ ገቢ አስገባለሁ። ሠራተኛ ነኝ?

ይህ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። ለባለቤቱ የተቆረጠ ገቢ አስገብቶ የተረፈውን የሚወስድ አሽከርካሪ፣ ትርፉንም ኪሳራውንም እርሱ ስለሚሸከም ባጃጁን የተከራየ ሰው ይመስላል። ባለቤቱ ግን የሥራ ሰዓቱንና መስመሩን የሚወስን፣ ሲፈልግም ቁልፉን ተቀብሎ የሚያሰናብት ከሆነ ሚዛኑ ወደ ሠራተኝነት ያዘነብላል። መተግበሪያ ሲጨመርበት ደግሞ ከአንድ አሽከርካሪ በላይ ሁለት ጌቶች ይቆማሉ፤ አንዱ የዕለት ገቢውን፣ ሌላው ኮሚሽኑን ይወስዳል። ክስ የሚያቀርብ ሰው ሁለቱንም ወገኖች በአንድ መዝገብ ላይ ቢያነሣ፣ አንዱ ወደ ሌላው እየጠቆመ የሚያመልጥበትን በር ይዘጋል።

ማኅበር ማቋቋም እንችላለን?

ትችላላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 31 ማንኛውም ሰው የመደራጀት መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 42 ደግሞ ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው ከአሠሪዎች ጋር የመደራደር መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በአዋጁ መሠረት 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ይቋቋማል፤ ከ10 በታች ሠራተኞች ባሉባቸው የተለያዩ ድርጅቶች ያሉ ሠራተኞችም በጋራ አጠቃላይ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ሠራተኝነታቸው ገና ያልተረጋገጠ ሰዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በሲቪል ማኅበር መልክ መደራጀትን እንደ መጀመሪያ እርምጃ ሊያዩት ይገባል።

ከወዲሁ መለየት ያለበት ነገር ቢኖር የባጃጅ ማኅበራት ጉዳይ ነው። እነዚህ በመሠረቱ የተሽከርካሪ ባለንብረቶች ማኅበራት ናቸው፤ ለተቀጣሪው አሽከርካሪ ክፍያና ዕረፍት እንዲደራደሩ መጠበቅ፣ አከራይ ለተከራይ እንዲሟገት እንደመጠበቅ ነው።

በሌሎች አገሮች ይህ ጉዳይ ወዴት እየሄደ ነው?

ስፔን እ.ኤ.አ. በ2021 ምግብ አድራሾች ሠራተኞች ናቸው የሚል ግምት በሕግ አስቀምጣለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ ድርጅቱ ሥራውን የሚመራና የሚቆጣጠር መሆኑ ከታየ የሥራ ግንኙነት እንዳለ ይገመታል፤ አይደለም የሚለው ድርጅት ራሱ ማስረዳት አለበት። የዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በጄኔቫ ባደረገው ስብሰባ ስለ መድረክ ሥራ ስምምነትና ምክረ ሐሳብ እንዲዘጋጅ ተስማምቶ፣ ሁለተኛውን ውይይት ለ2026 ቀጥሯል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ የዚህ ድርጅት አባል ናት። ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ አገር የሚበጀው የማስረዳት ሸክሙን ወደ ድርጅቱ ማዞር ይመስለኛል፤ መዝገቡ ሁሉ በድርጅቱ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አስረዳ የሚባለው ስልክ ብቻ የያዘው ሰው ሊሆን አይገባውም።

ባሕር ዳር ውስጥ የት አመለክታለሁ? በስንት ጊዜ ውስጥ?

በመጀመሪያ የሠራተኛ ጉዳይን ወደሚከታተለው የከተማው መሥሪያ ቤት ሄደው ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማመልከት ይችላሉ። የግል የሥራ ክርክር የሚታየው ሥልጣን ባለው የክልሉ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ችሎቱ በ60 ቀናት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል፤ ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ሰው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን የነጻ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይችላል።

የይርጋ ጊዜው፣ ማለትም ጥያቄ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ ግን አጭር ነው፤ ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣውም እዚህ ላይ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር፣ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ በ6 ወር፣ ሌላው በጠቅላላው በ1 ዓመት ይታገዳል። ድርጅቱ «እናየዋለን» እያለ ወራት ቢያመላልስዎ ጊዜው ይቆጠራል። የሚያቋርጠው ጉዳዩን ለሚመለከተው የሥራ ባለሥልጣን ወይም ለፍርድ ቤት ማቅረብ፣ ወይም ድርጅቱ መብትዎን በግልጽ ማመኑ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለውል ክርክር ያስቀመጠው 10 ዓመት ለተቋራጭ ነው፤ ሠራተኛ ነኝ ብሎ የሚከራከር ሰው በዚያ ተዘናግቶ 6 ወሩን ቢያሳልፍ ክፍያውን ያጣል። ስለዚህ ሁለቱንም አማራጭ በአንድ ክስ ውስጥ፣ ሠራተኝነቱ ካልተረጋገጠ በተቋራጭነት እንዲታይልዎ በሚል በአማራጭ ያቅርቡ፤ የመጀመሪያው ያልተከፈለ ገንዘብ የሚከፈልበት የነበረውን ቀንም በማመልከቻው ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፉ፤ የስድስቱ ወር ቆጠራ ከዚያ ቀን ይጀምራል።